ጨዋታው ከሆድ ይጀምራል
ከቶተንሃም «ላዛኛ» እስከ ወለጋ አንጮቴ

እለቱ እሁድ ነው፤ ሚያዝያ 29 ቀን 1998 ዓ.ም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የመጨረሻ ቀን። የሰሜን ለንደኖቹ ባላንጣዎች በአንድ ነጥብ ብቻ ተለያይተው ተፋጠዋል። ቶተንሃም 65፣ አርሰናል 64። አራተኛ የሚወጣው ወደ ቻምፒየንስ ሊግ ሲያልፍ አምስተኛው ሜዳ ላይ ይቀራል። የማርቲን ዮል ልጆች ያላቸው የቤት ሥራ አንድ ነው። አፕተን ፓርክ ሄደው ዌስትሃምን ማሸነፍ። በቃ! ሌላ ምንም አያስፈልጋቸውም።

ግን ሌሊቱን ጉድ ፈላ። በለንደን ሆቴል ያደሩት የቶተንሃም ተጫዋቾች እየተነሱ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሮጡ ጀመር። ማይክል ካሪክ፣ ሮቢ ኪን፣ ኤድጋር ዴቪድስ፣ አሮን ሌነን... ወደ አስር የሚጠጉ ተጫዋቾች በትውከትና በሆድ ሕመም ተዝለፍልፈው ነጋ። ክለቡ ጨዋታው እንዲራዘምለት ተማጸነ። ሰሚ አላገኘም። ሆዳቸውን ይዘው ሜዳ ገቡ፤ 2 ለ 1 ተሸንፈው ወጡ። በዚያችው ሰዓት በሃይበሪ የመጨረሻ ጨዋታ ቴሪ ሆንሪ ሃትሪክ ሠርቶ አርሰናል ዊጋንን 4 ለ 2 ረታ። የአርሰን ቬንገር ቡድን አራተኛ ሆነ። የአርሰናል ደጋፊ የሆነ ሁሉ ያንን ቀን አይረሳውም። የቶተንሃሙም አይረሳውም፤ እሱስ ሆዱን እየቆረጠው!

ጋዜጦች ወዲያው ጣታቸውን ተጫዋቾቹ ማታ በበሉት ላዛኛ ላይ ቀሰሩ። «ተመርዘዋል» የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ ፖሊስ ሳይቀር ጉዳዩን ጠየቀ። በኋላ ምርመራው ሲወጣ ግን ላዛኛው ነፃ ሆነ። ጥፋተኛው ኖሮቫይረስ የሚባል፣ ከሰው ወደ ሰው በእጅና በእቃ የሚተላለፍ የሆድ ቫይረስ ነበር። የአንድ ዓመት ልፋት፣ 38 ጨዋታ፣ የቻምፒየንስ ሊግ ገንዘብና ክብር በዓይን በማይታይ ነገር ተበላ።

ይኼ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ የእንግሊዙ ታላቅ ግብ ጠባቂ ጎርደን ባንክስ ከምዕራብ ጀርመኑ የሩብ ፍጻሜ ጨዋታ በፊት ሆዱን ታመመና ቀረ። ፒተር ቦኔቲ ተተካ። እንግሊዝ 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተሸንፋ ወደ ቤቷ ሄደች። በ1990 የጣሊያን ዓለም ዋንጫ ደግሞ ጋሪ ሊንከር ሆዱ ታሞ ከአየርላንድ ጋር ሲጫወት ሜዳ ላይ ሳይችለው ቀርቶ «አመለጠው»። ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ እየሳቀ ተናገረው። በእለቱ ጎል አግብቶ ነበር። ዓለም የሚያስታውስለት ግን ጎሉን አይደለም!

እንግዲህ የዓለም ምርጥ ሐኪሞችና ምግብ አብሳዮች የተመደቡላቸው ቡድኖች እንዲህ ከሆኑ፣ ከነቀምቴ ተነስቶ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ የሚዞረው ተጫዋች ምን ይሁን?

330 ኪሎ ሜትርና አንድ ሆድ

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ በሆለታ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ አድርጎ ይዘልቃል። ከነቀምቴ ወዲያ ወደ ጊምቢ፣ ነጆና መንዲ፣ አለያም ወደ ደምቢ ዶሎ የሚሄድ ደግሞ ገና ሌላ መንገድ ይጠብቀዋል። በከፍተኛ ሊጉ የምናውቀው ነቀምቴ ከተማም ሆነ በወለጋ ከተሞች ያሉ ትናንሽ ቡድኖች ለጨዋታ ሲወጡ ምሳቸው መንገድ ላይ ነው። አንዱ ጥብስ ያዛል፣ ሌላው ክትፎ፣ ሦስተኛው «ሆዴን ያፍታታልኛል» ብሎ አምቦ ውሃ ከላይ ይጨምርበታል። እጅ መታጠቢያው ጋ ውሃ አለ፤ ሳሙናው ግን አልቋል። አውቶቡሱ ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። በነጋታው አሰልጣኙ «ልጁ ምን ሆኖ ነው የማይሮጠው?» ይላል። ልጁም ዝም! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የሆድ ነገር እኛ አገር አይወራም። ጉልበቱን የተመታ ተጫዋች አንክሶ ያሳያል፤ ሆዱን የታመመ ግን ያፍራል። ጓደኞቹ እንዳይስቁበት፣ አሰልጣኙ ከቋሚ አሰላለፍ እንዳያወጣው ይደብቃል። በዚህ ድብቅብቅ ውስጥ ነው ጨዋታው የሚጠፋው።

የማይታዩት ደጋፊዎች

ለመሆኑ ሆድ ውስጥ ምን አለ? ምግብ ከአፍ ተነስቶ በጨጓራ አድርጎ ስድስት ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ትንሹን አንጀት ያቋርጣል። የምግቡ ኃይል በብዛት ወደ ደም የሚገባው እዚያ ነው። ቀሪው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ወደሆነው ትልቁ አንጀት ያልፋል። እዚህ ጋ ነው ትልቁ ስታዲየም! በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ስሌት 38 ትሪሊዮን ገደማ ይሆናሉ። አብዛኞቹ የሚኖሩት በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው።

ባክቴሪያ ሲባል ሁሉም ጠላት ይመስለናል። አይደለም። አብዛኞቹ ደጋፊዎቻችን ናቸው። እኛ መፍጨት የማንችለውን የእህል፣ የአትክልትና የጥራጥሬ አሰር እነሱ ያብላሉታል። ከዚያ የሚያወጡት አሲድ የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል፤ ግድግዳው ሲጠነክር ጎጂው ነገር ወደ ደም አያልፍም። ቦታውን ስለያዙትም ክፉዎቹ ተሕዋስያን በቀላሉ መቀመጫ አያገኙም። ትኬት የቆረጠ ደጋፊ የሞላበት ስታዲየም ውስጥ ረባሽ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠብበታል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የአየርላንድ ተመራማሪዎች 40 የራግቢ ፕሮፌሽናሎችን መርምረው በአንጀታቸው ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ዓይነት ስፖርት ከማይሠሩት ሰዎች የበለጠ ብዙ ሆኖ አግኝተውታል። እንቅስቃሴው ብቻውን ነው ወይስ አመጋገባቸውም? ሁለቱም እጅ እንዳለበት ነው የሚታመነው።

ሆድና አእምሮም የተገናኙ ናቸው። አንጀት በራሱ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ የነርቭ ሴሎች አሉት። ስሜታችንን ከሚያስተካክሉት ኬሚካሎች አንዱ የሆነው ሴሮቶኒንም አብዛኛው የሚመረተው ሆድ ውስጥ ነው። አማርኛችን ይህን ቀድሞ ያወቀው ይመስላል። «ሆዴ ፈራ»፣ «ሆድ ባሰው»፣ «አንጀቴን በላኝ» እንላለን። ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ የቆመ ተጫዋች ሆዱ የሚላወሰው ያለ ነገር አይደለም።

ሜዳ ላይ የሚሆነው

ተጫዋቹ ሲሮጥ ልብ ደሙን ወደ እግር ጡንቻ ትልካለች። ደሙ ከየት መጣ? ከሆድ ነው የተቀነሰው። በከባድ ሩጫ ጊዜ ወደ አንጀት የሚሄደው ደም እስከ 80 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ጨጓራው ውስጥ ያልተፈጨ ምሳ ካለ እዚያው ተቀምጦ ይቀራል። ማቅለሽለሽ፣ ቁርጠት፣ ጎን መውጋት፣ ወደ ላይ የሚል ቃር... የሁሉም ምንጭ ከዚሁ ይጀምራል።

ስለዚህ የዘወትር ምግብና የጨዋታ ቀን ምግብ ይለያያሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በሳምንቱ ውስጥ ጎመኑ፣ ሽሮው፣ ባቄላው፣ ምስሩ በደንብ ይበላ፤ ደጋፊዎቹ ባክቴሪያዎች የሚቀለቡት በዚህ ነው። በጨዋታው ቀን ግን ጋዝ የሚያበዛው ጥራጥሬና ቅቤ የበዛበት ምግብ ይቀነስ። ዋናው ምግብ ከጨዋታው ሦስት ወይም አራት ሰዓት በፊት ይበላ፤ እንጀራ፣ ሩዝ ወይም ዳቦ፣ ከትንሽ ሥጋ ወይም እንቁላል ጋር። ጋዝ ያለው ውሃ ሆድ ይነፋልና አምቦው ከጨዋታ በኋላ ይሁን። ደግሞም ማንም ሰው ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቀውን ምግብ በጨዋታ ቀን አይሞክር!

ቡናውስ? ወለጋ የቡና አገር ነው፤ በቡና ገበያ ከታወቁት ስሞች አንዱ ነቀምቴ ነው። ቡና ትልቁን አንጀት ያነቃቃል። አንዳንዱ ሰው ጠጥቶ ደቂቃዎች ሳይቆይ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄደው ለዚህ ነው። ጠዋት ቤቱ ላለ ሰው ይኼ በረከት ነው። ወደ ሜዳ ሊገባ ላለ ተጫዋች ግን አደጋ ነው። ለለመደው ሰው አንድ ስኒ ቀደም ብሎ፣ ሆድ ባዶ ሳይሆን። ሦስተኛው ስኒ ከድሉ በኋላ ይደርሳል።

የወለጋ ማዕድ ምን አለው?

የአውሮፓ ክለቦች ለተጫዋቾቻቸው ሆድ በገንዘብ የሚገዙትን ብዙ ነገር የወለጋ ጓዳ ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል።

አንጮቴን እንውሰድ። ከመሬት ሥር የሚወጣ፣ በምዕራብ ኦሮሚያ በተለይ በወለጋ ዞኖች የሚዘወተር ሥራ ሥር ነው። ከነልጣጩ ተቀቅሎ ይላጣል፤ ከዚያ በቅቤና በቅመም ይለወሳል። «ላንቀጣ» ይሉታል። በመስቀል በዓል የአንጮቴ ቦታ ትልቅ ነው። አሰርና ካልሲየም ስላለው አጥንቱ የተሰበረ ሰውና አራስ እንዲበሉት ይደረጋል። በእርግጥ እግሩ የተሰበረ ተጫዋች መጀመሪያ የሚሄደው ሐኪም ቤት ነው፤ አንጮቴው አልጋው ጋ ይምጣለት።

ከዚያ በቆሎው አለ፤ ዳጉሳው አለ፤ ጤፉ አለ። ነጭ ዱቄት ከበዛበት ዳቦ ጋር ሲነጻጸሩ ከነገለባቸው የሚፈጩ እህሎች ለአንጀት ባክቴሪያ የሚተርፍ አሰር አላቸው። እንጀራ ደግሞ በእርሾ ሁለትና ሦስት ቀን ይቦካል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታረም አለበት። «እንጀራ ሕያው ባክቴሪያ ይሰጣል» የሚሉ አሉ። ትክክል አይደለም፤ ምጣዱ ላይ አብዛኞቹ ይሞታሉ። የእንጀራ ጥቅሙ ሌላ ነው። መቡካቱ እህሉ ውስጥ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል፤ ሰውነት ማዕድኑን በተሻለ ይወስዳል። በችኮላ ሳይቦካ የተጋገረ እንጀራ ይህ ጥቅም ያንሰዋል።

ሕያው ባክቴሪያውን የሚሰጠው እርጎ ነው። ወተቱን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ሳይሞቱ ነው የሚጠጡት። የወተት ስኳር የማይስማማው ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ከወተት ይልቅ እርጎ ይስማማዋል። ነገር ግን ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ወተቱን አፍልቶ ማብረድ፣ ከዚያ ከትናንቱ ጥሩ እርጎ ጥቂት ማንኪያ ጨምሮ በንጹህ እቃ ማርጋት።

ጩምቦና ጭኮስ? የወለጋ ሰው ሲሰማ ምራቁን የሚውጥላቸው የክብር ምግቦች ናቸው። ግን ቅቤ የበዛበት ምግብ ጨጓራ ውስጥ ይዘገያል። ስለዚህ ጩምቦ ከጨዋታ በፊት አይደለም። ሦስት ነጥብ ተይዞ ወደ ቤት ሲገባ ማን ይከለክላል!

ተከላካዩ የተኛበት ቦታ

ማዕድ ቢሞላ ውሃው ካልጠራ፣ እጅ ካልታጠበ ዋጋ የለውም። አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ታይፎይድና የአንጀት ትሎች ከሰው ዓይነ ምድር ተነስተው በእጅ፣ በውሃ፣ በአትክልትና በዝንብ አድርገው ወደ አፍ ይመለሳሉ። ባለፉት ዓመታት በወለጋ በነበረው የጸጥታ ችግር ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሎ በከተሞችና በመጠለያዎች ተጠግቷል። ሰው በተጨናነቀበት፣ ውሃና መጸዳጃ ባነሰበት ቦታ የሆድ በሽታ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የሕጻናትን በር ነው። ነገ ማሊያ የሚለብሱትም እነሱው ናቸው። ሆዱ ውስጥ ትል የሚቀለብ ልጅ ደም ያንሰዋል፤ አያድግም፤ ትምህርቱም ኳሱም አይገባውም። በዚህ ምክንያት ነው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም በትምህርት ቤቶች የአንጀት ትልና የቢልሃርዚያ መድኃኒት የማደል አገር አቀፍ ፕሮግራም የጀመረው። ክኒኑ ትሉን ያወጣል፤ ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለክለው ግን ሳሙናና መጸዳጃ ቤት ነው።

ውሃ ማፍላት ሁሉም ያውቃል። አንድ ነገር ግን ይዘነጋል። ነቀምቴ ከባህር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ትላለች። በከፍታ ቦታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ነው የሚፈላው። ስለዚህ ተንተክትኮ ሲፈላ ወዲያው ማውረድ ሳይሆን ሦስት ደቂቃ ማቆየት ነው የሚመከረው። ማገዶ ለሌለው «ውሃ አጋር» ዓይነት የውሃ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት መጠቀም ይቻላል።

ኖሮቫይረስን ያነሳነው ለምን ነበር? ይህ ቫይረስ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚያሳምመው። ስለዚህ የመጨረሻውን ምግብ ብቻ መወንጀል ያሳስታል። በእጅ ላይ የሚቀባው አልኮልም በደንብ አይገድለውም፤ ውሃና ሳሙና ይሻላል። ለአንድ ቡድን ትርጉሙ ምንድነው? ለእያንዳንዱ ተጫዋች ስሙ የተጻፈበት የራሱ ጠርሙስ፤ በአውቶቡሱ ውስጥ አንድ ሳሙናና አንድ ጀሪካን ውሃ፤ ያስታወከው ልጅ ከሌሎቹ ጋር አንድ ክፍል እንዳያድር ማድረግ። ይህ ሁሉ የአንድ ኳስ ዋጋ አያወጣም!

ወደ ጥሬ ሥጋ ስንመጣ ክርክሩ ይጋጋላል። ቁርጥና ክትፎ የሚወደው ወገን «አባቶቻችን በልተውት ኖረዋል» ይላል። ልክ ነው፤ አባቶቻችን ኮሶም ይጠጡ ነበር። የኮሶ ትል ከጥሬ የበሬ ሥጋ ገብቶ ትንሹ አንጀት ውስጥ ብዙ ሜትር ይረዝማል፤ ለዓመታት ይኖራል። በየጊዜው ኮሶ መጠጣት የመጣው ከዚያ ነው። የኮሶ መጠጥ ልኩ ካለፈ ዓይንን እስከመጉዳት የሚደርስ መርዝነት አለው። ዛሬ በሐኪም የሚታዘዝ ክኒን አለ። ክትፎውን ማብሰል ግን ከሁሉም ይቀላል። በተለይ ጨዋታ ያለበት ሳምንት ለለብለብ ቦታ የለውም፤ ይብሰል!

ክኒኑ ሲበዛ

ሌላው ጠላት ከፋርማሲ የሚመጣው ነው። ሆድ ቆረጠ ሲባል ያለ ምርመራ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ሁለት ፍሬ መዋጥ፣ ሲሻል መተው ልማድ ሆኗል። አንቲባዮቲክ ክፉውንም ደጉንም ባክቴሪያ ይመታል። ረባሹን ለማስወጣት ተብሎ ስታዲየሙን ሙሉ ባዶ እንደማድረግ ነው። ለቫይረስ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ተቅማጥ ሲይዝ የመጀመሪያው ሕክምና የወጣውን ውሃና ጨው መተካት ነው። አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጠበጣል። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል።

ተጫዋቾች ላይ የሚብሰው ደግሞ የሕመም ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያሳሳሉ። ጉልበቱን እያመመው በባዶ ሆዱ በየቀኑ የሚውጥ ተጫዋች ጉልበቱን ሲያድን ጨጓራውን ያቆስላል። በላዩ ላይ የጨጓራ ባክቴሪያ ካለበትማ አለቀ! ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ይህ ባክቴሪያ አገራችን ውስጥ ከሁለት ሰው አንዱ ጋ ገደማ እንዳለ ነው ጥናቶች ተሰባስበው የሚያሳዩት። የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከሐሳብና ከበርበሬ ነው ተብሎ ለረዥም ጊዜ ይታመን ነበር። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታሞ አሳየ። ከባልደረባው ሮቢን ዋረን ጋር በ2005 የኖቤል ሽልማት ወሰዱበት። ዛሬ የጨጓራ ባክቴሪያ በምርመራ ይታወቃል፤ ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ሳይቋረጥ ከተወሰደ ይድናል። መቋረጡ ነው ጣጣው።

ፍሌቸር የደበቀው

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ዳረን ፍሌቸርን ያውቀዋል። የማይደክም የመሀል ሜዳ ሞተር። ያ ሞተር ግን ከውስጥ እየደማ ነበር። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚባል፣ ትልቁን አንጀት የሚያቆስል የቆየ በሽታ ይዞታል። በቀን ደጋግሞ መጸዳጃ ቤት ይመላለስ ነበር፤ ክብደቱ ቀነሰ፤ እሱ ግን ምክንያት እየፈጠረ ለጓደኞቹ ደበቀ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 ክለቡ ፍሌቸር ከእግር ኳስ ለረዥም ጊዜ እንደሚርቅ ይፋ አደረገ። በጃንዋሪ 2013 ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ብዙዎች «አበቃለት» አሉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ግን ወደ ሜዳ ተመለሰ። በኋላም ወደ ዌስትብሮም ሄዶ አምበል ሆነ፤ ለዓመታት ተጫወተ።

ያዳነው ዝምታው አይደለም፤ ሐኪሙ ነው። ይህ በሽታ በጎመንና በእርጎ የሚድን ዓይነት አልነበረም። ጥሩ ልማድ ሆድን ይደግፋል እንጂ ሐኪምን አይተካም። ዓይነ ምድር ላይ ደም ከታየ ወይም እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ተቅማጡ ለሳምንታት ከቆየ፣ ሆድ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ምግብ ለመዋጥ ካስቸገረ... ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ሕክምና ነው። ማፈሩን ፍሌቸር ጨርሶልናል።

ደጋፊውስ?

ይህ ሁሉ ለተጫዋች ብቻ የተጻፈ የሚመስለው ደጋፊ ካለ ተሳስቷል። ተጫዋቹስ ቢያንስ ይሮጣል። ደጋፊው ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተቀምጦ ያያል፤ ጥሬ ሥጋ በቢራ ያወራርዳል፤ አንዳንዱ ጫቱን ይዞ ውሃ ሳይቀምስ ይውላል። እሁድ ጠዋት ሆዱ ይነፋል ወይም ይደርቃል፤ ጥፋቱን በዳኛው ያሳብባል። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ የሆድ ድርቀትም ያመጣል። መቀመጡ ራሱ አንጀትን ያዘገያል። በእረፍት ሰዓት ተነስቶ አስራ አምስት ደቂቃ መራመድ እንኳ ለውጥ አለው።

ልማዱ ውድ አይደለም። በቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ጎመን ወይም ሌላ አትክልት፣ አንድ ጊዜ ጥራጥሬ፤ በሳምንት ጥቂት ቀን በንጹህ እቃ የረጋ እርጎ። አሰር ያልለመደ ሆድ በአንድ ቀን ሲሞላ ስለሚነፋ ቀስ እያሉ መጨመርና ውሃ መጠጣት። ሲመጣ አለመያዝ፤ የተያዘ ነገር ይደርቃል። ማታ በጊዜ መተኛት፤ ከእራት በኋላ ወዲያው አለመጋደም። የጾም ወራት የሚጾም ሰውማ ሽሮውና ጎመኑ ቀድሞ ተሰጥቶታል። ፋሲካ ሲደርስ ሁለት ወር የራቀውን ቅቤና ሥጋ በአንድ ቀን ለማካካስ ካልተነሳ በስተቀር!

ወደዚያች እሁድ እንመለስ። የሊጉ ሠንጠረዥ ሲዘጋ አርሰናል 67፣ ቶተንሃም 65 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ልዩነቱ ሁለት ነጥብ ነው። ያንን ቫይረስ ማን እንዳመጣው፣ በየትኛው የበር እጀታ እንደተላለፈ ማንም በስም አልጠራውም። ግን ከሰው ወደ ሰው የሄደው በእጅ ከሆነ ልዩነቱን ያመጣው አንድ ያልታጠበ እጅ ሊሆን ይችላል። ከነቀምቴ ለጨዋታ የሚነሳ የማንኛውም ቡድን መሪ የማሊያውን ሻንጣ ሲፈትሽ፣ ኳሱን ሲቆጥር፣ አንድ ነገር ይጨምርበት። ሳሙናው ገብቷል ወይ?